ከሰማርያ እስከ ሮም፦ የአይሁድን ምርኮና መበተን በቡድን ለማጥናት

ብዙ የጥናት ቡድኖች የአይሁድን መበተን የሚጀምሩት የሮም ጦር አዛዥ ቲቶ ኢየሩሳሌምን ካቃጠለበት ከ70 ድኅረ ልደተ ክርስቶስ ነው። ይህ አጀማመር ጥናቱን ከሥሩ ያጣምመዋል። ቤተ መቅደሱ በ70 ሲቃጠል አይሁድ በባቢሎን ምድር መኖር ከጀመሩ ከ660 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር፤ በግብፅ፣ በሶርያ፣ በታናሽ እስያ፣ በቀሬናና በሮምም ማኅበር መሥርተው ይኖሩ ነበር። መበተኑ በአንድ ቀን፣ በአንድ ንጉሥ እጅ የተፈጸመ አይደለም። አንዱ በሰይፍ ተነድቶ ሄደ፤ ሌላው ጦርነት ሸሽቶ ወረደ፤ ሌላው ወታደር ሆኖ ተቀጠረ፤ ሌላው ለንግድ ወጣ፤ ሌላው ደግሞ “ተመለስ” ሲባል እዚያው ቀረ። የጥናቱ ዋና ሥራ እነዚህን አንዱን ከሌላው ለይቶ ማየት ነው። ይህ መመሪያ ለሰንበት ትምህርት ቤት፣ ለወጣቶች ማኅበርና ለቤት ለቤት ጥናት መሪዎች የተዘጋጀ ሲሆን በሳምንት 90 ደቂቃ ቢሰጠው በስምንት ሳምንት ያልቃል።

ቀድመው የሚያዘጋጁት

አራት ኤ4 ወረቀት በቁመታቸው ተከታትለው፣ አንዱ በሌላው ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር እየተደረበ ይለጠፉ። 115 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያገኛሉ። አንድ ሳንቲ ሜትር ለዐሥር ዓመት ይመድቡና ከ740 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ እስከ 140 ድኅረ ልደት ያለውን ዘመን ያስምሩ፤ 88 ሳንቲ ሜትር ይፈጃል። የቀረው ዳር ዳሩ ለማስታወሻ ነው። መስመሩን ጠበብ አድርጎ በአንድ ወረቀት መጨረስ ይቀላል፤ ነገር ግን ከ605 እስከ 582 ያሉት አራት ክስተቶች ተደራርበው አይለዩም፤ ያ ደግሞ ሰዎች በጣም የሚምታቱበት ቦታ ነው።

ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ያስፈልጋል፦ መጽሐፍ ቅዱስ ለሚናገረው ጥቁር፣ የሸክላ ጽላት፣ ፓፒረስ፣ የድንጋይ ጽሑፍና የጥንት ታሪክ ጸሐፊዎች ለሚናገሩት ሰማያዊ፣ ለትውፊት አረንጓዴ። አንድ ነገር በሁለት ቀለም ቢጻፍ ደስ ይበላችሁ፤ ሁለት ምስክር አገኘ ማለት ነው። በየክስተቱ ሥር አራት ነገር ይመዝገብ፦ ማን ወሰዳቸው ወይም ምን አስነሣቸው፣ ከየት ወዴት ሄዱ፣ ምን ያህል ነበሩ፣ ተገደው ነው ወይስ ወደው።

የዘመን አቆጣጠሩን ከመጀመሪያው ቀን ይወስኑ። ሁሉንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፍ ይሻላል፤ አለዚያ አንዱ ተማሪ ቤተ መቅደሱ በ70 ተቃጠለ ሲል ሌላው በ62 ይላል፤ ሁለቱም ትክክል ሆነው ሳለ ይጨቃጨቃሉ። ሁለተኛው ወጥመድ ዜሮ ዓመት አለመኖሩ ነው፦ ከ1 ቅድመ ልደት ቀጥሎ የሚመጣው 1 ድኅረ ልደት ስለሆነ ከ586 እስከ 70 ያለው 656 ሳይሆን 655 ዓመት ነው። ኢየሩሳሌም የወደቀችበት ዓመት በአንዳንድ መጻሕፍት 587፣ በሌሎች 586 ሆኖ ይገኛል። ይህ የማተሚያ ቤት ስህተት አይደለም፤ የንጉሡ ዓመት ከጸደይ ወይስ ከመከር ይቈጠር በሚለው ላይ የተመሠረተ ልዩነት ነው። አንዱን መርጠው ሌላውን በቅንፍ ይጻፉት።

ከታሪኩ በፊት ሕጉ

የመጀመሪያውን ሳምንት ለዘሌዋውያን 26፥33-45፣ ለዘዳግም 28፥64-68፣ ለዘዳግም 30፥1-5 እና ለ1ኛ ነገሥት 8፥46-50 ይስጡት። ነቢያቱ የሚናገሩት እነዚህን ምንባቦች አድማጮቻቸው እንደሚያውቁ ቈጥረው ነው። በተለይ የሰሎሞን ጸሎት ትልቅ ነገር ይዟል፦ ተማርከው በሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ምድራቸው፣ ወደ ከተማይቱና ወደ ቤተ መቅደሱ መልሰው ቢጸልዩ ይሰማሉ ይላል። ዳንኤል 6፥10 ላይ መስኮቶቹ ወደ ኢየሩሳሌም የተከፈቱት ለዚህ ነው። ቤተ መቅደስ የሌለበት አምልኮ እንዴት ሊቀጥል እንደቻለ የሚጠይቅ ተማሪ መልሱን እዚህ ያገኛል።

አሦር

ከ2ኛ ነገሥት 17 አይጀምሩ። የመጀመሪያው ማፍለስ በ15፥29 ነው፤ የአሦር ንጉሥ ቴልጌልቴልፌልሶር በ733 እና በ732 ቅድመ ልደት ገሊላንና ገለዓድን ያዘ። ሰማርያ የወደቀችው ከዚያ በኋላ፣ በ722 ወይም በ721 ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ከበባውን የሚሰጠው ለስልምናሶር ሲሆን፣ ተከታዩ ሳርጎን ከ27,000 በላይ ሰው ከዚያ እንዳፈለሰ በራሱ ጽሑፍ አስቀርጿል። 17፥6 ወዴት እንደተወሰዱ ይናገራል፦ ወደ አላሔ፣ ወደ አቦር፣ ወደ ጎዛን ወንዝና ወደ ሜዶን ከተሞች። በካርታ ላይ ሲያዩት ከፊሉ በዛሬው ሰሜን ምሥራቅ ሶርያ፣ ከፊሉ በምዕራብ ኢራን ነው።

17፥24 እንዳይዘለል። አሦራውያን ሕዝብ ወስደው ብቻ አይተዉም፤ በምትኩ ከባቢሎን፣ ከኩታ፣ ከአዋ፣ ከሐማትና ከሴፈርዋይም ሌላ ሕዝብ አምጥተው ያሰፍራሉ። የተወሰደውም ያመጡትም ከገዛ ምድሩ ስለተነቀለ ለማመፅ አቅም ያጣል። ባቢሎናውያን ግን በይሁዳ ምትክ ሕዝብ አላሰፈሩም፤ የማረኳቸውንም በመንደር በመንደር አንድ ላይ አስቀመጧቸው። የሰሜኑ ሕዝብ ስሙ ሲደበዝዝ የይሁዳ ሰዎች በባቢሎን ሕዝብ ሆነው የቀጠሉበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው። በዚህ ላይ ሃያ ደቂቃ ቢቈዩ ጊዜው አይባክንም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው “ዐሥሩ ነገድ ጠፉ” ማለቱ አይቀርም። ሦስት ጥቅስ ያስነብቡት፦ 2ኛ ዜና 30፥1-11 ላይ ሕዝቅያስ ከሰማርያ መውደቅ በኋላ በኤፍሬምና በምናሴ ለቀሩት ደብዳቤ ይልካል፤ 2ኛ ዜና 34፥9 ላይ በኢዮስያስ ዘመን ከምናሴና ከኤፍሬም ገንዘብ ይሰበሰባል፤ ሉቃስ 2፥36 ላይ ነቢይቱ ሐና ከአሴር ነገድ ናት። ብዙዎች ተወሰዱ፤ ሁሉም ግን አልተወሰዱም።

የሰናክሬምን የ701 ዘመቻ (2ኛ ነገሥት 18፥13) በአጭሩ ያስገቡ። የይሁዳ ከተማ የለኪሶ መውደቅ በነነዌ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ተገኝቷል፤ አሁን በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም አለ። ቤተሰቦች ዕቃቸውን በበሬ በሚሳብ ጋሪ ጭነው ሲነዱ የሚያሳየውን ክፍል ፎቶ አግኝተው ቢያሳዩ ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ባቢሎን፤ ሁለት ሳምንት

መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን የይሁዳ ነገሥታት ስሞች ይለዩ። ኢዮአቄም አባት ነው፤ ዮአኪን ልጁ ነው፤ ዮአኪን በኤርምያስና በማቴዎስ 1 ኢኮንያን ተብሎ ይጠራል፤ ሴዴቅያስ ደግሞ የዮአኪን አጎት ነው (2ኛ ነገሥት 24፥17)። ይህ በሰሌዳ ላይ ካልተጻፈ በኋላ ያለው ሁሉ ይደበላለቃል።

ቀጥሎ አራቱን ዓመታት በወረቀቱ ላይ ያስቀምጡ። በ605 ናቡከደነፆር ግብፃውያንን በከርከሚሽ ድል ነሣ፤ ዳንኤል 1፥1 የሚያያዘው ከዚህ ጊዜ ጋር ነው። በ597 ኢየሩሳሌም እጅ ሰጠች፤ የባቢሎን ዜና መዋዕል ጽላት ቀኑን ሳይቀር ስለመዘገበ፣ ተሰልቶ መጋቢት 16 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ላይ ይውላል። ዮአኪን፣ እናቱ፣ ሹማምንቱ፣ የእጅ ባለሙያዎቹና ወጣቱ ካህን ሕዝቅኤል የሄዱት በዚህ ጊዜ ነው። በ586 ከተማይቱና ቤተ መቅደሱ ተቃጠሉ። በ582 ሌላ ማፍለስ ተከተለ፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ይህን የሚነግረን ኤርምያስ 52፥30 ብቻ ነው።

ቍጥሮቹ ላይ ተማሪዎች ይሰናከላሉ። 2ኛ ነገሥት 24፥14 ዐሥር ሺህ ይላል፤ ቍጥር 16 ሰባት ሺህ ኃያላንና አንድ ሺህ ባለሙያዎች ይላል። ኤርምያስ 52፥28-30 ደግሞ 3,023፣ 832 እና 745 ብሎ በድምሩ 4,600 ይሰጣል። እነዚህን ሁሉ መደመር ስህተት ነው፤ በከፊል አንዱን ማፍለስ የሚቈጥሩ ሁለት መዝገቦች ናቸውና። ዓመቱም በአንዱ ስምንተኛ፣ በሌላው ሰባተኛ የሚሆነው ንጉሡ ዙፋን ላይ የወጣበት ዓመት ይቈጠር ወይስ አይቈጠር በሚለው ነው። በወረቀቱ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን በጥቁር ይጻፉ። ማናቸውም ቢወሰድ ግን ከይሁዳ ሕዝብ በምድሩ የቀረ እንደነበረ ግልጽ ነው፤ 2ኛ ነገሥት 25፥12 ወይን ጠባቂና ገበሬ ቀረ ይላል።

ለሰማያዊው እስክሪብቶ ባቢሎን ሀብታም ናት። በባቢሎን ቁፋሮ በተገኙ ጽላቶች ላይ “የይሁዳ ንጉሥ” ተብሎ ለዮአኪንና ለአምስት ልጆቹ የተሰፈረ ዘይት ተመዝግቧል። 2ኛ ነገሥት 25፥27-30ን ከዚህ ጋር ያንብቡ፤ ዮርማሮዴክ ዮአኪንን ከእስር አውጥቶ በማዕዱ እንዳስቀመጠው ይተርካል። ሌሎች ጽላቶች ደግሞ “የይሁዳ ከተማ” የሚል ስም ከነበረው የባቢሎን ገጠር መንደር የወጡ ናቸው፤ ከ572 እስከ 477 ያለውን ጊዜ ይሸፍናሉ። ምርኮኞቹና ልጆቻቸው መሬት ሲያርሱ፣ ግብር ሲከፍሉ፣ ሲበደሩና ሲጋቡ ያሳያሉ። አሁን ኤርምያስ 29፥5-7 ይነበብ፦ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ የከተማይቱን ሰላም ፈልጉ። ደብዳቤውና ጽላቱ ሲገጥሙ ማየት በዚህ ጥናት ውስጥ ካሉት ሁሉ እጅግ የሚያረካው ጊዜ ነው፤ አይቸኩሉበት።

ለኅዘኑ ደግሞ “በባቢሎን ወንዞች አጠገብ” የሚለውን መዝሙር ይጠቀሙ። በግእዙ ዳዊት 136 ነው፤ የዕብራይስጡን አቈጣጠር በሚከተሉ እትሞች 137 ነው። ቁጥሩን ብቻ ቢናገሩ ግማሹ ሰው ሌላ መዝሙር ይገልጣል።

ጥሩ የ15 ደቂቃ መልመጃ፦ ዘካርያስ 8፥19 ላይ ያሉትን አራት ጾሞች ከ2ኛ ነገሥት 25 ጋር ማዛመድ። የዐሥረኛው ወር ጾም ከከበባው መጀመሪያ (ቍጥር 1)፣ የአራተኛው ከቅጥሩ መሰበር (3-4)፣ የአምስተኛው ከቃጠሎው (8-9)፣ የሰባተኛው ከጎዶልያስ መገደል (25) ጋር ይገጥማል። አይሁድ እነዚህን አራት ጾሞች እስከ ዛሬ ይጾማሉ።

ሰባው ዓመት እንዴት ይቈጠር? ከ605 እስከ ባቢሎን መውደቅ 539 ድረስ 66 ነው፤ ቤተ መቅደሱ ከተቃጠለበት ከ586 እስከ ሁለተኛው ቤተ መቅደስ መጠናቀቅ (ዕዝራ 6፥15፣ በ516 ወይም በ515) 70 ይሞላል። የመጀመሪያው መንገድ ከኤርምያስ 25፥11-12 ጋር፣ ሁለተኛው ከዘካርያስ 1፥12 ጋር ይሄዳል። መሪው አንዱን ብቻ “ትክክለኛው” ብሎ እንዳይዘጋው። ተረፈ ባሮክን የሚያውቅ ሰው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ 66 ዓመት እንደተኛ፣ በለሱም ትኩስ ሆኖ እንደቈየ ያነሣል። ያ በአረንጓዴ ይጻፋል፤ ለሥሌት መነሻ አይሆንም። በኤርምያስ 38 ነቢዩን ከጕድጓድ ያወጣው ይኸው አቤሜሌክ ግን በጥቁር ይጻፋል።

ግብፅና መመለሱ

በምርኮው ጊዜ ሌላ ጉዞ ወደ ደቡብ ነበረ። ኤርምያስ 43 እና 44 ላይ ባቢሎንን የፈሩት ሰዎች ነቢዩን ሳይቀር ይዘው ወደ ግብፅ ይወርዳሉ። ይህ በ“ወደው” ረድፍ ውስጥ ይገባል፤ ፍርሃት ቢነዳቸውም የማረካቸው ንጉሥ የለምና። ከአስዋን ፊት ለፊት ባለችው የኤሌፋንታይን ደሴት ላይ በፋርስ መንግሥት ሥር የሚያገለግሉ የአይሁድ ወታደሮች ሰፈር ነበረ። በአራማይክ የተጻፉ ፓፒረሶቻቸው የራሳቸው ቤተ መቅደስ እንደነበራቸው፣ በ410 የግብፃውያን አምላክ የክኑም ካህናት ከአገሩ ሹም ጋር ሆነው እንዳፈረሱት፣ በ407 ለይሁዳ ገዥ አቤቱታ እንደጻፉ ያሳያሉ። ቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ከዚህ ሰፈር ዓባይን ተከትለው የወጡ ናቸው የሚል ሐሳብ አለ። መላ ምት ነው፤ ጉዞውን የሚያሳይ ጽሑፍ አልተገኘም፤ ስለዚህ በሰማያዊ አይጻፍም።

በመመለሱ ላይ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው የቂሮስን የሸክላ ሲሊንደር “የዕዝራ 1 አዋጅ ይኸው” ብሎ ማሳየት ነው። ሲሊንደሩ ስለ ባቢሎንና በአካባቢዋ ስላሉ የአማልክት ስፍራዎች ይናገራል እንጂ ይሁዳንም ኢየሩሳሌምንም በስም አያነሣም። የቂሮስን አሠራር ያሳያል፤ አዋጁ ራሱ ግን አይደለም። ሁለተኛው ሁሉም ተመለሱ ብሎ ማሰብ ነው። ዕዝራ 2፥64 የተመለሱትን 42,360 ያደርሳል (ዝርዝሩ ሲደመር 30,000 ገደማ ነው፤ የሚደምር ተማሪ ካለ ቀድመው ይንገሩት)። ከዚያ 80 ዓመት ገደማ በኋላ ዕዝራ ራሱ ከባቢሎን ሲነሣ ገና ብዙ ሕዝብ እዚያ አለ፤ አስቴርም ታሪኳ በሱሳ ነው። የባቢሎን ማኅበር በኋላ በሱራና በፑምቤዲታ ትልልቅ የትምህርት ቤቶችን አቁሞ የባቢሎን ታልሙድን፣ ማለትም ትልቁን የአይሁድ ሕግና ትርጓሜ ስብስብ፣ አበረከተ። ባግዳድን ጨምሮ ከኢራቅ ብዙው የአይሁድ ሕዝብ ወደ እስራኤል የሄደው በ1950 እና በ1951 ነው፤ ዘመቻውም “ዕዝራና ነህምያ” ተባለ። ምርኮ የጀመረው ኑሮ ከ2,500 ዓመት በላይ ቈየ ማለት ነው።

ግሪክና ሮም

ይህ ክፍል በአገራችን አንባቢ ዘንድ ልዩ ችግር አለበት። በግሪክ ነገሥታት ላይ ያመፁትን የይሁዳ መቃቢስንና የወንድሞቹን ታሪክ ፈልጎ በ81ዱ ውስጥ ያለውን መጽሐፈ መቃብያን የሚገልጥ ሰው አያገኘውም፤ የኢትዮጵያው መቃብያን ከግሪኩ መቃብያን የተለየ መጽሐፍ ነው። እንደዚሁ “ዜና አይሁድ” ወይም ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን በአንደኛው መቶ ዘመን የኖረው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ የጻፈው አይደለም፤ በዐሥረኛው መቶ ዘመን ገደማ በዕብራይስጥ የተጠናቀረ፣ በዓረብኛ በኩል ወደ ግእዝ የገባ ነው። ክቡር መጽሐፍ ነው፤ ለ70 ጦርነት እንደ ዓይን ምስክር ግን አይጠቀስ።

ዋናው ሥራ ካርታ ነው። የሐዋርያት ሥራ 2፥9-11 ላይ ያሉትን 15 ቦታዎችና ሕዝቦች አንድ በአንድ ያስቀምጡ። ጵርቴ፣ ሜድና ኢላሜጤ የድሮዎቹ የአሦርና የባቢሎን ምርኮ አገሮች ናቸው፤ ግብፅ ከኤርምያስ ዘመንና ከእስክንድርያ መቆርቆር በኋላ ያደገ ነው፤ ሮም ደግሞ የሮም ጦር አዛዥ ፖምፔዩስ በ63 ቅድመ ልደት ኢየሩሳሌምን ከያዘ በኋላ በወሰዳቸው ምርኮኞች በዝታለች። አንድ ምንባብ የሰባት መቶ ዓመት መበተንን ይዟል። ከዚያ ጳውሎስ በየከተማው መጀመሪያ ወዴት እንደሚገባ ከምዕራፍ 13 እስከ 18 ይከታተሉ፤ በአብዛኛው ስፍራ ምኵራብ ያገኛል። በ18፥2 አቂላና ጵርስቅላ የሮም ንጉሠ ነገሥት የቀላውዴዎስ ትእዛዝ ከሮም ያወጣቸው ናቸው፤ ያም ሌላ መበተን ነው።

ከ66 እስከ 135 ያለው ሦስት ጦርነት እንጂ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ከ66 እስከ መሳዳ ምሽግ መውደቅ 73 ወይም 74 ነው። ሁለተኛው፣ ሁልጊዜ የሚረሳው፣ ከ115 እስከ 117 በቀሬና፣ በግብፅና በቆጵሮስ የነበሩት አይሁድ የተነሡበት ነው፤ ገናናው የእስክንድርያ ማኅበር ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አላገገመም። ሦስተኛው ከ132 እስከ 135 የዐመፁ መሪ የባር ኮክባ ነው፤ የሮም ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ኢየሩሳሌምን አይልያ ካፒቶሊና ብሎ አይሁድ እንዳይገቡባት ከለከለ፣ አውራጃውም ሶርያ ፍልስጥኤም ተባለ። “ከዚያ በኋላ በምድሪቱ አይሁዳዊ አልቀረም” የሚል ቢኖር የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ የሆነው ሚሽና በ200 ገደማ እዚያው በገሊላ እንደተሰበሰበ ይንገሩት።

ለቤተ መቅደሱ ይከፈል የነበረው ግማሽ ሰቅል (ዘጸአት 30፥13፣ ማቴዎስ 17፥24) ከ70 በኋላ በሮም ለነበረው ለጁፒተር ቤተ ጣዖት የሚሆን ግብር ተደርጎ በግዛቱ ሁሉ ባሉ አይሁድ ላይ ተጣለ። ይህን የሰማ ተማሪ የመበተኑን ምሬት ያለ ማብራሪያ ይረዳል።

ቤተ እስራኤል

በስምንተኛው ሳምንት ወረቀቱ ስለሚያልቅ ሌላ ወረቀት ይጨምሩ። የ1492ቱን የስፔን መባረርና የራይን ወንዝ ከተሞችን ማኅበራት በአጭሩ ነክተው ወደ ቤተ እስራኤል ይለፉ።

እዚህ ሦስቱ ቀለሞች እጅግ ያስፈልጋሉ። ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር መጡ የሚለውና ከዳን ነገድ ናቸው የሚለው በአረንጓዴ ይጻፋሉ። የዳን ነገድ ትውፊት በአይሁድ ሕግ ትልቅ ክብደት ነበረው፤ ራቢ ዖቫድያ ዮሴፍ በ1973 በዚያ ተመሥርተው አይሁድነታቸውን አጸኑ፤ በ1975 አይሁድ ወደ እስራኤል እንዲገቡ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ እንደሚመለከታቸው ታወቀ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ዘመቻ ሙሴ በሱዳን በኩል 8,000 ያህል ሰው ወሰደ፤ ወደ ሱዳን በሚወስደው መንገድና በመጠለያዎቹ 4,000 ያህል ሰው ሞቷል። ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 ዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ አጓጓዘ። ወራቱም እንደ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢሳይያስ 11፥11 እና ሶፎንያስ 3፥10 ሲነበቡ በመጽሐፍ ቅዱስ “ኢትዮጵያ” የተባለው በመጀመሪያ ከግብፅ ደቡብ ያለው የኩሽ ምድር መሆኑን ያመልክቱ። “ፈላሻ” የሚለው ስም በማኅበሩ ዘንድ ስድብ ስለሆነ በጥናቱ ውስጥ አይግባ፤ ቤተ እስራኤል ይበሉ። ከማኅበሩ የመጣ አባት ወይም እናት በአቅራቢያችሁ ካለ ጋብዙ፤ ጥያቄዎቹን ግን ቀድማችሁ ላኩላቸው፤ በሱዳን መንገድ ቤተሰቡን ያጣ ሰው ሳያስበው በሰው ፊት እንዲናገር መጠየቅ ይከብዳል።

ቢቻል ይህ ሳምንት ከስግድ በዓል ጋር እንዲገጥም ያቅዱ። ስግድ ከስርየት ቀን በኋላ በሃምሳኛው ቀን፣ በዕብራይስጡ ሔሽቫን 29 ይውላል፤ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር ማለት ነው። በጎንደር አካባቢ ሕዝቡ ጾሞ ተራራ ይወጣ፣ ቄሶቹም ኦሪቱን አንብበው ይጸልዩ ነበር፤ በእስራኤል ከ2008 ጀምሮ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። ነህምያ 8 እና 9 ከበዓሉ ጋር የተሳሰሩ ምንባቦች ናቸው። ነህምያ 9ን አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ሌላው ቆሞ ያድምጥ፤ ቍጥር 36 ላይ “ባሪያዎች ነን” የሚለው ሲደርስ ያቁሙና በገዛ ምድራቸው ላይ ቆመው ለምን እንዲህ እንዳሉ ቡድኑን ይጠይቁ።